ጥቆማ፦ የሃይሉክስ ዲፈረንሻል ዘይት የትኛው ይሻላል? የትስ ላስቀይር?

ባለ ደብል ጋቢና፦
ሰላም ወገን። ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ 2010 ሞዴል፣ ዲፎርዲ፣ ፎር ባይ ፎር። የምትመላለሰው ሰመራ ነው፤ ከአስፋልቱ ስትወጣ አሸዋና ኮረኮንች አለ። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ዘይት ልቀይር ነው። አንዱ ውፍረቱ 80ደብሊው-90 ይሁን ይለኛል፣ ሌላው «ለአፋር ሙቀት 140 ነው» ይላል። ቄራ ወይም ጎተራ አካባቢ በሥርዓት የሚቀይር ጋራዥ ካለም ጠቁሙኝ።

የ90 ወገን፦
ለዚህ ሞዴል ቶዮታ የሚያዘው ጂኤል-5 ሃይፖይድ ዘይት ነው (ጂኤል የጥርስ ዘይት የጫና ደረጃ ነው)። አየሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እስካልወረደ ድረስ ውፍረቱ 90። ሰመራም እንጦጦም እዚሁ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ግዛ። ሼል ስፓይራክስ ኤስ2 ኤ፣ ሞቢሉብ ኤችዲ፣ ካስትሮል አክስል ኢፒኤክስ፣ ሦስቱም ይሆናሉ። ኦሪጅናሉን ያገኘኸውን አንዱን ያዝ። ስፓይራክስ ከሆነ ግን ፊደሏን እያት፦ «ኤ» የዲፈረንሻል፣ «ጂ» ጂኤል-4 የካምቢዮ ናት። 140ው ለከባድ መኪና ነው። ኩሽኔታው እያለቀ ያለ ዲፈረንሻል 140 ሲጨመርበት ጩኸቱ ይቀንሳል፣ መኪና ሊሸጥ ያሰበ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው።

አቧራው፦
ዘይቱን ተወውና ከጋራዥ ተጠንቀቅ። ስም አልጠራም። መጀመሪያ የታችኛውን ቡሎን ፈቱ፣ ዘይቱ ሁሉ ወረደ። ከዚያ የላይኛው እምቢ አለ። በፓይፕ ቁልፍ ጨምድደው ጠርዙን በሉት። መኪናዋ ሁለት ቀን ያለ ዘይት ቆማ፣ በመጨረሻ ቡሎኑ ላይ ፍሬ በይደው አወጡት። የብየዳውን ሒሳብ ከእኔ!

ጎማ ተራ፦
ሁለት ቀን ብቻ? ምርቃት አለህ።

ሚኪ ፒካፕ፦
የቱ ጋራዥ ነው? በውስጥ ጻፍልኝ።

አቧራው፦
ጽፌልሃለሁ። የዘይቱንም ዋጋ በአምስት ሊትር ነው ያስከፈሉኝ፣ የቀየሩት የኋላውን ብቻ። የኋላው ብቻውን አምስት ሊትር የት ይገባል?

ሳሪስ፦
እኔ 15ደብሊው-40 ነው የምጠቀመው፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። ችግር የለበትም።

ጎማ ተራ፦
እሱ የሞተር ነው ጌታዬ። ሰውዬው የጠየቀው ስለ ዲፈረንሻል ነው።

የሰባተኛው ደንበኛ፦
ወንድሜ ሰባተኛ ሰፈር ያለው ልጅ ጋ ሂድ። ከበርሜል እየቀዳ ነው የሚሸጠው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ስንት ዓመት ከእሱ ስገዛ አንድም ቀን አልተበላሸብኝም።

የ90 ወገን፦
በርሜሉ ውስጥ ያለው ጂኤል-5 መሆኑን በምን አወቅህ?

የሰባተኛው ደንበኛ፦
ሽታው ይነግረኛል።

የ90 ወገን፦
ጂኤል-4ም ይሸታል እኮ። ድኙ ሁለቱም ውስጥ አለ፣ የሚለያዩት በመጠን ነው። ዲፈረንሻል ውስጥ ሁለቱ ጥርሶች፣ ኮሮናውና ፒኞኑ፣ መሽከርከር ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፣ ጂኤል-4 ያን ጫና አይችልም። በዚያው ልማድ ደግሞ ጂኤል-5ን ካምቢዮ ውስጥ የሚጨምር አለ፤ የሲንክሮናይዘሩን (ማርሽ ሲቀየር ፍጥነቱን የሚያስማማውን) ናስ ሊበላው ይችላል።

የሰባተኛው ደንበኛ፦
ልጁን አትንኩብኝ። ሐቀኛ ነው።

እጀ ዘይት፦
አቧራው ላይ የደረሰው በቅደም ተከተል ስህተት ነው፣ ስለዚህ ጠያቂው የትም ብታስቀይር አጠገባቸው ቁም። መኪናዋ 15 ደቂቃ ያህል ተነድታ ሞቅ ስትል ሜዳ ላይ ትቁም። በቡሎኖቹ ዙሪያ ያለው ጭቃ በሽቦ ብሩሽ ይነሳ፣ አለዚያ አሸዋው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዚያ የላይኛው፣ የመሙያው ቡሎን፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይፈታ። እሱ ካልተፈታ የታችኛውን ማንም እንዳይነካ። የኋላው ቡሎን 24 ቁጥር ነው፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ይዘው ካልመጡ አታስነካ። የፊቱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር አለን ቁልፍ ነው።

የታችኛው ሲወጣ ማግኔቱን በጣትህ ጥረገው። ግራጫ ቅባት የሚመስል ዝቃጭ የተለመደ ነው። ጥፍር የሚይዘው ስባሪ ወይም የጥርስ ቅርፊት ካየህ ግን ዘይት መቀየር ብቻ አያድንህም፣ ዲፈረንሻሉ ይከፈት። ሻይ በወተት የመሰለ ዘይት ከወረደ ውኃ ገብቶበታል። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ቀዝቅዞ ውኃውን ይስባል። ያኔ በአዲሱ ጥቂት ነድተህ ድጋሚ ቀይረው።

ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ። የኋላው ቡሎን 49 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፣ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ መርገጥ አያስፈልግም። የኋላው ወደ 3 ሊትር፣ የፊቱ ወደ 1.5 ሊትር ይጠጋል፣ አምስት ሊትር ለሁለቱም ይበቃል። ልኩ ግን ቀዳዳው ራሱ ነው፦ ዘይቱ ከላይኛው ቀዳዳ ከንፈር ሲደርስ ይቁም። የኋላ አክስሉ ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ ክዳን በጣትህ አንሳት። በጭቃ ከተደፈነች ውስጡ ሲግል ግፊቱ ዘይቱን በኦይል ሲሉ (ዘይት በሚያግደው ቀለበት) አሳልፎ ፍሬኑ ላይ ይደፋዋል፤ ከዚያ «ኦይል ሲሉ ነው» ብለው ኦይል ሲል ይቀይሩልሃል።

ባለ ደብል ጋቢና፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኤልኤስዲ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ ዲፈረንሻል) ካላት ዘይቱ ይለያል ይላሉ፣ ያላት መሆኑን በምን ላውቅ?

እጀ ዘይት፦
የፊት ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርግ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማ አንስተህ ማቆሚያ ላይ አስቀምጥ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ውስጥ ትሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። አንዱን ጎማ በእጅህ ስታዞረው ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው። አልዞርም ብሎ ከታገለህ ኤልኤስዲ ነው፤ «ኤልኤስዲ» የሚል ዘይት ግዛ፣ አለዚያ ስትታጠፍ ይንቀጠቀጣል። በመቆለፊያ የሚሠራው ዲፍ ሎክ ግን ተራውን ይጠቀማል።

አቧራው፦
ማቆሚያ ያለው ጋራዥ ካገኘህ ንገረኝ። የእኔዎቹ ድንጋይ ነው የደረደሩት።

ሚኪ ፒካፕ፦
ሬቮስ፣ ተከታዩ ሃይሉክስ? ያው 80ደብሊው-90 ነው?

የ90 ወገን፦
አይደለም፣ ሬቮ 75ደብሊው-85 ጂኤል-5 ነው። ከበርሜል አታገኘውም።

የሰባተኛው ደንበኛ፦
ልጁ ያመጣልሃል።

ሰሚራ፦
ለቪትዝ የዲፈረንሻል ዘይት ስንት ሊትር ነው?

እጀ ዘይት፦
የፊት ጎማ የሚጎትታት ቪትዝ ከሆነች የኋላ ዲፈረንሻል የላትም እህቴ። ዲፈረንሻሏ ካምቢዮው ውስጥ ነው፣ ዘይቱም የካምቢዮው ነው።

ጎማ ተራ፦
ሰባተኛ ያለው ልጅ ግን ይሸጥልሻል።