በአሮጌ ማንዋል ሌንስ የሕፃናትን ፊት ማንሳት፦ ሌንሱን ልሽጠው ወይስ ልልመደው?

ከታቦር ሥር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። ካነን 700ዲ ካሜራ አለኝ፤ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ደግሞ ሄሊዮስ 44-2 የሚባለውን የሶቪየት ዘመን 58 ሚሊሜትር ሌንስ ገዝቼ፣ በኤም 42 አዳፕተር (አሮጌውን ሌንስ ከካሜራው ጋር በሚያገናኝ ቀለበት) አስገጥሜ የእህቴንና የጎረቤቶቼን ልጆች አነሳበታለሁ። ልጆቹ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሚሆናቸው ናቸው። ሌንሱን በጣም ወድጄዋለሁ። ፎከሱ በትክክል ሲያርፍ የልጁ ፊት ሳይደርቅ ጥርት ይላል፤ ከኋላ ያለው የዛፍ ቅጠል ደግሞ ክብ ሠርቶ የሚዞር ይመስላል። ከካሜራው ጋር በመጣው ሌንስ እንዲህ ያለ ፎቶ አግኝቼ አላውቅም።

የተቸገርኩበት ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቪውፋይንደሩ (በካሜራው ማያ ቀዳዳ) ስመለከት የልጁ ዓይን ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን ጥርት ያለው ጆሮው ወይም የሹራቡ አንገትጌ ሆኖ ይገኛል። የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በፍጥነት ለማዞር ብሞክርም ልጆቹ ይቀድሙኛል። ሁለተኛ፣ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ የማነሳቸው ፎቶዎች ጭጋግ የለበሱ ይመስላሉ፤ ጥቁሩ ጥቁር አይሆንም፣ ቀለሙም ይገረጣል። ሌንሱ ተበላሽቷል ማለት ነው? ሸጬው ኦቶፎከስ ያለው (ፎከሱን በራሱ የሚይዝ) 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ብገዛ ይሻለኛል? የልጆቻቸውን ልደት እንዳነሳላቸው የሚጠይቁኝ እናቶች እየበዙ ስለመጡ ምክራችሁን አጥብቄ እፈልጋለሁ።

የድሮ ፎቶ ቤት ሰው

ልጄ፣ ሌንሱን አትሽጪው። እኔ ሥራውን የተማርኩት ኦቶፎከስ በሌለበት ዘመን ነው፤ ለክርስትና፣ ለልደትና ለትምህርት ቤት መታወቂያ የሚመጡትን ሕፃናት ሁሉ የምናነሳው በእጅ በሚዞር ሌንስ ነበር። ያንቺ ሄሊዮስ ከጀርመኑ የካርል ዛይስ ቢዮታር 58 ሚሊሜትር ኤፍ 2 የተቀዳ ሲሆን፣ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ላይ የሚገኘው ፋብሪካና ሌሎች የሶቪየት ፋብሪካዎች ለዜኒት ካሜራ በገፍ ያመርቱት ነበር። በ700ዲ ላይ ሲገጠም፣ የካሜራሽ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ከፊልም ስለሚያንስ፣ የሚያሳይሽ እይታ የ93 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ይሆናል። ለፊት ፎቶ ከዚህ የተሻለ ርዝመት አትመኚ።

መጀመሪያ ዓይንሽን ያታለለውን ነገር ልንገርሽ። የዛሬ ካሜራዎች ቪውፋይንደር የተሠራው ኦቶፎከስን ታሳቢ በማድረግ ነው። ኤፍ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሌንሱን እስከ ኤፍ 2 ከፍተሽ ስትመለከቺ የሚያሳይሽ የጥራት ጥልቀት (ከፊት እስከ ኋላ ጥርት የሚለው ርቀት) ወደ ኤፍ 2.8 የሚጠጋውን እንጂ የኤፍ 2ን አይደለም። ስለዚህ በቀዳዳው በኩል ጥርት ያለ የመሰለሽ ሁሉ ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ አይወጣም። ብዙዎቹ የድሮ ካሜራዎች መሐል ላይ ለሁለት የተከፈለ ምስል የሚያሳይ መስታወት ነበራቸው፤ ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ ፎከሱ መያዙን ታውቂያለሽ። ያንቺ ካሜራ ይህ የለውም። በላይቭ ቪው (በካሜራው ጀርባ ስክሪን) አምስት ወይም አሥር ጊዜ አጉልቶ ማየት ይቻላል፤ ይህም ለተቀመጠ አዋቂ ሰው እጅግ ጥሩ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን አጉልተሽ እስክትጨርሺ ልጁ ቦታው ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ልጁ 1.5 ሜትር ርቆሽ ሳለ በኤፍ 2 ብታነሺው፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊት እስከ ኋላ 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ 1 ሜትር ከቀረብሽ ከ2 ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። የልጅ ጭንቅላት ትንሽ ቢሆንም ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ከዚህ ይሰፋል፤ እሱ ደግሞ እየሳቀ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል። በኤፍ 4 ከ2 ሜትር ብታነሺው ግን ጥልቀቱ ወደ 18 ሳንቲሜትር ያድጋል፤ ካሜራውን አቁመሽ (በቁመቱ) ከያዝሽው ልጁ ከራሱ እስከ ወገቡ ፍሬሙ ውስጥ ይገባል። ከኋላው ያለው ዛፍ ወይም አጥር በቂ ርቀት ካለው በኤፍ 4ም ቢሆን ደብዝዞ ይቀራል። እርግጥ ነው፣ የወደድሽው የሚዞር ቅጠል በኤፍ 2 ይበልጥ ይታያል፤ ነገር ግን ከዓይን ጥራትና ከቅጠል ሽክርክሪት አንዱን ምረጪ ብትይኝ ሁልጊዜ የምመርጠው ዓይኑን ነው።

ስለዚህ ቀለበቱን በማዞር ፍጥነት አትድከሚ፤ ርቀቱን አስቀድመሽ ወስኚና ልጁ ወደ ርቀቱ እንዲመጣ አድርጊ። በርጩማ አስቀምጪ፤ ወይም ልጁ የሚደገፍበት የበር መቃን፣ የሚቆምበት የደረጃ ጠርዝ ይኑር። ልጁ ከመምጣቱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ በተቀመጠ ነገር ፎከስ አድርጊ። ልጁ ሲመጣ ቀለበቱን ተዪውና አንድ እግርሽን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ አድርገሽ ቁሚ። ልጁ ጥቂት ወደ ፊት ሲል አንቺ በወገብሽ ጥቂት ወደ ኋላ በይ፤ ሲሸሽ ተከተዪው። እንዲህ ባለው ጠባብ ርቀት ላይ የሰው ገላ ከጣት የበለጠ ይታዘዛል። ተከታታይ ማንሻውን አብሪው፤ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አይውረድ። ለተቀመጠ ልጅ ይህ ይበቃል፣ ለሚዘል ግን 1/500 ያስፈልጋል። ዥዋዥዌ ካገኘሽ ደግሞ ተጠቀሚበት፤ ልጁ ወደ አንቺ መጥቶ ከመመለሱ በፊት ለቅጽበት ቀጥ የሚልበት ቦታ ሁልጊዜ ያው ስለሆነ፣ ፎከስሽን እዚያ አስቀምጠሽ ብትጠብቂው ራሱ ይመጣልሻል።

ሌንሱ ላይ ያሉትን ሁለት የአፐርቸር (የብርሃን ቀዳዳውን የሚያጠቡና የሚያሰፉ) ቀለበቶችም ልመጂያቸው። ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ገደቡን ይወስናል፤ ከአጠገቡ ያለው ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ከኤፍ 2 እስከ ወሰንሽው ገደብ ድረስ ይዞራል። ገደቡን 4 ላይ አድርገሽ፣ ለስላሳውን ቀለበት እስከ መጨረሻው ከፍተሽ በብሩህ ምስል ፎከስ አድርጊ፤ ከዚያ ቁጥሩን ሳትመለከቺ እስኪያቆምሽ ድረስ መልሺው። ስምንቱ ክንፎች ሲጠጉ ምስሉ ትንሽ ይጨልማል፤ ያን ጊዜ አንሺ።

ሠርግና ልደት

ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን በአንድ ነገር እለያለሁ። ልደት ላይ ሻማው የሚጠፋው አንዴ ነው፤ እናትየዋ ገንዘብ ከፍላ ያን ቅጽበት ካጣችው የሌንሱ ውበት አያጽናናትም። እህቴ፣ ሄሊዮሱን አትሽጪው፤ የመጀመሪያውን የሥራ ገንዘብ ስታገኚ ግን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ጨምሪበት። ኬኩንና ሩጫውን በኦቶፎከሱ ያዢው፤ ልጁ ረጋ ብሎ ሲቀመጥ ሄሊዮሱን አውጪ።

ጥላና ብርሃን

እኔ የምመልሰው ስለ ጭጋጉ ነው። ሌንሱ ተበላሽቷል ብዬ አላስብም። ሐይቁ ያለው ከከተማችን በስተ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ አመሻሽ ላይ ልጆቹን ከሐይቁ ፊት ስታቆሚያቸው ፀሐይዋ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ትገባለች። የውኃው ነጸብራቅም ይጨመርበታል። የሄሊዮስ 44-2 መስታወቶች ነጸብራቅ መከላከያ ቅባቸው እንደ ዛሬዎቹ ሌንሶች ብዙ ንብርብር የለውም፤ ብርሃኑ ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የሌንሱ አፍ 49 ሚሊሜትር ጥርስ ስላለው የሚገጥመው መከላከያ ኮፍያ ማግኘት ይቻላል፤ እስክታገኚ ድረስ ጥቁር ወረቀት ጠቅልለሽ ብታስሪበት ወይም መዳፍሽን ከሌንሱ በላይ ብትጋርጂ ለውጡን ወዲያው ታዪዋለሽ።

ሐይቁን ከጀርባ ማድረግ ከፈለግሽ በጠዋት ሂጂ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይዋ ከጀርባሽ ሆና የልጆቹን ፊት ታበራለች፤ ገና ስላልበረታችም ዓይናቸውን አያጨፍኑም። ቀትር ላይ ሜዳ ላይ አታንሺ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በተለይ በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ የልጁ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ከአፍንጫውም ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ለጨምበላላ (ለሲዳማ ዘመን መለወጫ) በዓል ጉዱማሌ ላይ ያገኘሻቸውን ልጆች ቢሆን እንኳ ዛፍ ሥር ብታስጠጊያቸው ይሻላል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የበር ደጃፍ ነው። ልጁ ከደጃፉ ውስጥ አንድ እርምጃ ገብቶ ወደ ውጭ ሲመለከት ቆርቆሮው ቀጥታ ፀሐይን ይከለክልለታል፤ ከግቢው መሬትና ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ሁለቱንም ዓይኖቹን ያበራቸዋል። ከኋላው ያለው የቤቱ ጨለማ ምንም ሳትደክሚ ንጹሕ ባክግራውንድ ይሆንሻል። ፊቱ በአንድ በኩል ከጨለመ ነጭ ነጠላ ዘርግቶ የሚይዝልሽ ሰው በዚያ በኩል አቁሚ።

የብርሃን ልኬቱን ደግሞ ከልብስ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ላይ ውሰጂ። ጠይም ልጅ ነጭ የአገር ልብስ ሲለብስ ካሜራው ነጩን አይቶ ሙሉውን ፎቶ ያጨልማል፤ ፊቱም አመድ የነካው ይመስላል። ስፖት መለኪያውን (አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካውን) ጉንጩ ላይ አሳርፈሽ ማንዋል ላይ ቆልፊው። ብርሃኑ ካልተቀየረ ልጁ ቢንቀሳቀስም ልኬቱ አይለወጥም። ፎቶውን በሮው ፋይል (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚይዘው) ካስቀመጥሽ የቀሚሱን ጥልፍ ዝርዝር ኋላ ማውጣት አይቸግርሽም።

የአጸደ ሕፃናት መምህርት

እኔ ስለ ሌንስ ብዙ አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ግን ጠያቂዋ ከጠቀሷቸው ዕድሜ ልጆች ጋር ነው። «ቀጥ በል፣ ሳቅ» የተባለ ልጅ ጥርሱን ያሳያል እንጂ አይስቅም። ሥራ የተሰጠው ልጅ ግን ካሜራውን ይረሳዋል። እንቁላል በማንኪያ ይዞ እንዲቆም ብታደርጉት ወይም አረፋ እንዲነፋ ብትሰጡት፣ ያለ ትእዛዝ አንድ ቦታ ይረጋል፤ ጋሼ እንዳሉት አስቀድማችሁ የወሰናችሁት ርቀት ላይ ማለት ነው። የሚያፍሩ ልጆች ካሜራውን መጀመሪያ በእጃቸው ይንኩት። የዚህ አሮጌ ሌንስ መልካምነቱ የሚዞር ነገር ያለው መሆኑ ነው፤ ቀለበቱን ራሱ አዙሮ እናቱ ስትደበዝዝና ስትጠራ ያየ ልጅ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ተንበርክካችሁም አንሱ፤ ከላይ ወደ ታች ሲመለከቷቸው ትከሻቸው ይሰበሰባል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሕፃን ፈቃድ በወላጁ በኩል የሚሰጥ ስለሆነ፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ከመልቀቃችሁ በፊት ወላጁን ጠይቁ። ልጁ «አልፈልግም» ካለም፣ ወላጁ ቢፈቅድ እንኳ ካሜራውን አስቀምጡት።

ከታቦር ሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በነገሩኝ መሠረት በርጩማ በበራችን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ በኤፍ 4 ሞከርኩት፤ የእህቴ ትንሿ ልጅ አረፋ ስትነፋ የዓይን ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ ወጥቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ጓደኛዬ ኒኮን ዲ5300 ስላላት ይህንኑ ሌንስ ለመግዛት ትፈልጋለች። ይገጥምላታል?

የድሮ ፎቶ ቤት ሰው

እሰይ ልጄ፣ ደስ አሰኘሽኝ። ለጓደኛሽ መግጠሙንስ ይገጥምላታል፤ ግን እንዳንቺ አይመቻትም። ኤም 42 ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው። የካነን ርቀት 44 ሚሊሜትር ስለሆነ ለአዳፕተሩ ቦታ ይተርፋል። የኒኮን ግን 46.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ይርቃል፤ የቅርቡን ፊት ቢያነሳም ሩቁን አያጠራም። ይህን ለማስተካከል መስታወት ያላቸው አዳፕተሮች አሉ፤ ርካሾቹ ግን የሌንሱን ጥራት ይቀንሱታል። በተጨማሪም ዲ5300 በእንዲህ ያለ ሌንስ ብርሃን ስለማይለካላት በግምት እያነሳች ማስተካከል ይኖርባታል። ፊት ብቻ ለማንሳት ከሆነ መስታወት የሌለውን አዳፕተር ትውሰድ።

ከመግዛቷ በፊት ግን ሌንሱን ከኋላው በባትሪ አብርታ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ትመልከት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየች ሻጋታ ስለሆነ ትተወው። ጥቂት አቧራ ግን ፎቶው ላይ አይታይም። የአፐርቸሩ ክንፎች ላይ ዘይት ቢታይም ሄሊዮስ 44-2 በእጅ ስለሚዘጋ ሥራውን አያቆምም። አንቺም የሐይቁ እርጥበት እንዳይጎዳብሽ፣ ሌንስሽን በቆዳ ቦርሳ ዘግተሽ አታቆዪው፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከሌንሱ ጋር አስቀምጫቸው።