ዊልቸር ይዞ ከመርከብ ወደ ጀልባ መውረድ

ለእናቴ በካሪቢያን ደሴቶች የ14 ቀን የመርከብ ጉዞ ያዝኩላት። ባሕር ማየት የዕድሜ ልክ ምኞቷ ነው። የሜክሲኮዋ ደሴት ኮዙሜል ላይ መርከቡ ወደቡን ተጠግቶ ስለሚቆም አያሳስበኝም። ጭንቀቴ ግራንድ ካይማን የምትባለው ደሴት ነች። እዚያ መርከቦቹ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ይጥሉና ተሳፋሪው የደሴቲቱ ከተማ ጆርጅታውን የሚደርሰው በትንንሽ ጀልባ ነው። እናቴ ጥቂት እርምጃ ትራመዳለች እንጂ ደረጃ አትችልም። ዊልቸሯ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ከባድ ነው። ጉዞውን የሸጡልን ጋ ሁለቴ ደወልኩ። "እንደ ማዕበሉ ነው፣ በዕለቱ ይወሰናል" ብቻ አሉኝ። የሚታጠፍ ቀለል ያለ ዊልቸር ልከራይላት አስቤያለሁ፤ ጀልባው ሲወዛወዝ ግን ያስፈራኛል። እሷን መርከቡ ላይ ትቼ መውረድ ደግሞ ጨርሶ አይሆንልኝም። በሚታጠፍ ዊልቸር ሰው ይዛችሁ ግራንድ ካይማን የወረዳችሁ ካላችሁ፣ ሠራተኞቹ ወደ ጀልባው ያሻገሯችሁ እንዴት አድርገው ነው?