ልጄ ናይሮቢ ይሂድ ወይስ እዚሁ ይቅር?

አወያዩ፦ ትናንት ማታ ባና፣ ያንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምትሸጠው እህታችን እዚህ ግሩፓችን ላይ ጥያቄ ጣለችልን። ልጇ ከተመረቀ 2 ዓመት አለፈው። ሥራ የለም። ናይሮቢ ያለ ጓደኛው "ና፣ እዚህ ኑሮው ሌላ ነው" ብሎታል። እሷ ደግሞ "እውነት ኬንያ ከእኛ ይሻላል?" ትላለች። ደብረ ብርሃንም ያላችሁ፣ መንዝም፣ ሸዋ ሮቢትም ያላችሁ ግቡበት። ስድብ የለም።

ሹፌሩ፦ በደንብ ነው የሚሻለው! እኔ ሞያሌ ጭነት ሳመላልስ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ የገረመኝ በግራ መንዳታቸው አልነበረም። ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ ነች። መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሁለት ሙዝ አነሳሁ፣ ዝርዝር የለኝም። አብሮኝ የነበረው ኬንያዊ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ከፈለልኝ። የሴትዮዋ ስልክ ያው ባለ በተኗ ነው፣ ጢው አለ፣ አለቀ። ኤምፔሳ የሚሉትን የስልክ ገንዘብ የጀመሩት በ2007 ነው በፈረንጅ። የእኛ ቴሌብር በ2021 መጣ። 14 ዓመት ቀድመውናል።

መምህሩ፦ ሹፌሩ ወንድሜ እውነቱን ነው፣ ቁጥሩም ያግዘዋል። የተባበሩት መንግሥታት በየዓመቱ የሚያወጣው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ አለ። ገቢን፣ ትምህርትንና ዕድሜን አንድ ላይ ይመዝናል። በ2023 መረጃ ኬንያ 0.628፣ እኛ 0.497። የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው የእኛን እጥፍ ገደማ ነው። ትምህርቱ ግን ያሳፍራል። አንድ አዋቂ ኬንያዊ በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ ተምሯል። የእኛ 3 ዓመት እንኳ አይሞላም።

ነርሷ፦ ቲቸር፣ ከሦስቱ መመዘኛ ሁለቱን ነገርከን፣ ሦስተኛዋን ዘለልካት። ዕድሜዋን! በዚያው በተባበሩት መንግሥታት ግምት የእኛ ሰው ወደ 67 ዓመት ይኖራል፣ ኬንያዊው ወደ 64። ኤችአይቪ እነሱን ክፉኛ ጎድቷቸዋል። እኛ ጋ ደግሞ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማሩ። ቦርሳ አንግተው መንዝ ዳገት የሚወጡትን ልጆች አታውቋቸውም? ክትባቱን ቤት ድረስ የወሰዱት እነሱ ናቸው። ድሃ ሆነን ዕድሜያችን ረዘም ማለቱ እንዲሁ የመጣ አይደለም።

መምህሩ፦ እጄን ሰጠሁ። ዘልያታለሁ።

የፋብሪካው ልጅ፦ 67 ዓመት በዚህ ደሞዝ ከመኖር… ልተወው። እኔ እዚሁ ከተማ ፈረቃ እገባለሁ። ኬንያ ዝቅተኛ ደሞዝ በሕግ አለ። እኛ ጋ ለግል ሠራተኛ ወለል የሚባል ነገር የለም፣ ቀጣሪው ያለህ ነው ደሞዝህ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዘይቱም ሳሙናውም ሮጠ፣ ደሞዜ ቆሞ ያያቸዋል።

ሹፌሩ፦ እነሱ ደግሞ ሲመራቸው ይወጣሉ። በ2024 ሰኔ ላይ የግብር ሕጉን አደባባይ ወጥተው አስቀሩት።

ነርሷ፦ ስንት ልጅ ሞቶበት! እሱንም ጨምረህ ቁጠር እንጂ።

የባና ነጋዴዋ፦ ልጆቼ፣ ቁጥሩ ደግ ነው። እኔ ግን ልጄ ምን ይበላል? የት ያድራል? እሱን ንገሩኝ።

ከናይሮቢ የተመለሰችው፦ እትዬ፣ እኔ ልንገርዎት። ኢስትሊ የሚባለው ሰፈር 4 ዓመት ኖሬያለሁ። አበሻ ሞልቶበታል፣ እንጀራም አለ፣ ግን በየቀኑ አይቻልም። ኡጋሊ ይለምዳል፣ የበቆሎ ገንፎ በሉት፣ ቅቤና በርበሬ የሌለው። ከጎኑ ጎመን ይቀርባል። ጎመኑን "ሱኩማ ዊኪ" ነው የሚሉት፣ "ሳምንቱን ግፋበት" ማለት ነው። ስሙ ራሱ የኑሮውን ነገር ይነግርዎታል። ቤቴ አንድ ክፍል ነበረች። ውሃ በጀሪካን እገዛ ነበር። ማታ ስልኬን ጡቴ ሥር ደብቄ ነው የምገባው።

ክፉውን ብቻ አላወራም። እንግሊዝኛ የለመድኩት እዚያ ነው። ንግድ የገባኝ እዚያ ነው። ሰዉ ሥራ አይንቅም፣ ባለ ዲግሪው ቦዳ ቦዳ ይነዳል፣ ሞተር ማለት ነው። ግን እናንተ ስትከራከሩ ኬንያዊውን ከእኛ ሰው ጋር ነው የምታወዳድሩት። የእትዬ ልጅ ኬንያዊ አይሆንም። ለጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም፣ እውነት ነው። ለመሥራት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ያ የሕግ ደሞዝ አይደርሰውም። ቀጣሪው "ነገ" ቢለው የት ሄዶ ይከሳል? እኔን 2 ወር ያሠራኝ ሰውዬ ሳይከፍለኝ ቀርቷል።

የፋብሪካው ልጅ፦ ይቺን አላሰብኳትም።

ሹፌሩ፦ ደላላውንም ጨምሩበት። ሞያሌ ላይ "ናይሮቢ" ብሎ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ላይ የቀረ ልጅ ብዙ ነው። እኔ ይሻላል ያልኩት አገሩን ነው፣ መንገዱን አላልኩም።

አወያዩ፦ እኔም ሚዛኔን ላስቀምጥ። ደብረ ሲና ለቅሶ ለመድረስ ስነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው "መንገዱ ሰላም ነው?" ብዬ ነው። ታሪፉን የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ መምህሩ ባመጣው መለኪያ ውስጥ የለም። ኬንያም ሰላም ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፣ በፈረንጅ የ2007ቱን የምርጫ ደም ሰምተናል። ግን ልጁ "ልሂድ" ያለው በደሞዝ ብቻ ይመስላችኋል? እንደኔ እንደኔ ነገን ማቀድ ስላቃተው ነው።

መምህሩ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን አንድ ነገር… ቆይ፣ መብራት ሄደ።

ሹፌሩ፦ ሃሃሃ! ኬንያ ደርሶ ይሆናል!

መምህሩ፦ ቀልድ አይደለም እኮ። ከወላይታ ሶዶ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ተዘርግቷል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ እንሸጥላቸዋለን፣ 200 ሜጋ ዋት ነው ውሉ የተጀመረው። በእነሱ አገር ከ4 ሰው 3ቱ ገደማ መብራት ያገኛል፣ በእኛ ግማሽ የሚሆነው። አመንጪዎቹ እኛ፣ ሻማ ፈላጊዎቹም እኛ።

ነርሷ፦ ዶላሩስ? ለመድኃኒት መግዣ ከየት ይምጣ? መሸጡ ጥሩ ነው፣ የጎደለው ወደየቤቱ የሚገባው ሽቦ ነው።

መምህሩ፦ ባትሪዬ 6 ፐርሰንት ነው፣ ጠዋት እመልስልሻለሁ።

የባና ነጋዴዋ፦ ሁላችሁንም ሰማሁ፣ ተባረኩ። ልጄም አጠገቤ ሆኖ ሲያነብ ነበር። ደላላ ከገባበት አንድ ብር ከእኔ አያገኝም። ፓስፖርቱን አውጥቶ፣ በሕጉ ሄዶ፣ አንድ ወር ዓይቶ ይመለስ ብያለሁ። ከናይሮቢ የተመለስሽው ልጄ፣ ስልክሽን በውስጥ ላኪልኝ፣ ነገ ቡና አፈላለሁና ቁጭ ብለሽ ንገሪው። አንድ ወፍራም ባናም አዘጋጅቼለታለሁ።

ሹፌሩ፦ እትዬ፣ ናይሮቢ እኮ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 2,800 ላይ ላደገ የደብረ ብርሃን ልጅ ቆላ ነች። ባና ምን ይሠራለታል?

የባና ነጋዴዋ፦ ይያዘው። ካልበረደው ይሸጠዋል።