ቴራፒስቷ ፊት ስቀመጥ አፌ ይታሰራል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ በመኪና አደጋ ከሞተ ዘጠኝ ወር ሆነው። መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሥራ ለቀቅኩ፣ ቤት ቀየርኩ፤ እንቅልፍ ግን አሁንም የለም። ፍሬን ሲጮህ ከሰማሁ መላ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

ቴራፒ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት አለፈኝ። ስለ አደጋው ገና አላወራንም። አተነፋፈስ፣ ሲጨንቀኝ በዙሪያዬ የማያቸውን ነገሮች መቁጠር፣ እንቅልፍ... በዚህ ብቻ ቆየን። መጀመሪያ «ለዚህ ነው እንዴ የምከፍለው?» ብዬ ነበር። ኋላ ሳነብ ገባኝ። ቴራፒስቷ ያሰበችልኝ ሕክምና ኢኤምዲአር (EMDR) ይባላል፤ ከባድ ትዝታን ለማከም የሚውል የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ በ1987 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የጀመረችው ነው። 8 ደረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ታሪክ መስማትና ሰውየውን ማዘጋጀት ናቸው። ዓይንን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ ትዝታውን መንካት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ችግሬ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ቴራፒስቷ «ስለዚያ ቀን ለመጀመር ዝግጁ ነህ?» ስትለኝ ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ! ከዚያ «ደህና ነኝ» አልኳትና የቀረውን ሰዓት ስለ ሥራ ሳወራ ጨረስኩት። ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ አፋችሁ እንቢ ሲል ምን አደረጋችሁ? ጽፌ ሄጄ ባነብላት ያስኬዳል? ደግሞ «እኔ ነኝ የገደልኩት» የሚለው ሐሳብ ስላልለቀቀኝ፣ ለወንድሜ በቅጡ እንኳ አላዘንኩም። ከየትኛው እንጀምር ልበላት? «ጊዜ ይፈታዋል» ግን አትበሉኝ፣ በቃኝ።

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው።