ለአባቴ የሽንት ፊኛ ካንሰር ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ለምን አስፈለገ?

ጠያቂ (ፒያሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው መካከለኛው አዋሽ በጥጥ እርሻ ላይ ሠርተዋል፤ ሲጋራም ለረጅም ዘመን አጭሰዋል። ባለፈው ክረምት ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ቀላ፤ ክሊኒክ ሄደው «ኢንፌክሽን ነው» ተብለው መድኃኒት ሲወስዱ ደሙ ቆመ። በጥቅምት ሲመለስባቸው በአልትራሳውንድ ፊኛቸው ውስጥ እጢ ታየ፤ ሐኪሙም በሽንት መውጫ በኩል በካሜራ ገብቶ እጢውን አወጣው። የናሙናው ውጤት እጢው ካንሰር መሆኑን፣ ከፊኛው የውስጥ ሽፋን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ስስ ክፍል መግባቱን፣ በናሙናው ውስጥ ግን የፊኛ ጡንቻ አለመገኘቱን ይገልጻል። ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በድጋሚ መግባት እንዳለበት ነግሮናል። ከቤተሰቡ ገሚሱ «የመጀመሪያው ሥራ ተበላሽቶ ነው» ይላል፤ አክስቴ ደግሞ ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል ብለው ይከለክላሉ። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦ የቀዶ ሕክምና ሐኪም (ልደታ)
አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። የሐኪሙ ውሳኔ ትክክል ነው። የዚህ በሽታ ሕክምና የሚወሰነው በዋናነት ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ገብቷል ወይስ አልገባም በሚለው ነው። ካልገባ፣ እጢውን በካሜራ እያነሡ ፊኛ ውስጥ መድኃኒት በመጨመር ፊኛውን ማቆየት ይቻላል፤ ከገባ ግን ወይ ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ ፊኛው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ወይ ለተመረጡ ታካሚዎች ጨረርና ኬሞቴራፒ በአንድነት ይሰጣል። ናሙናው ውስጥ ጡንቻ ከሌለ «ጡንቻው ነጻ ነው» ብሎ መፈረም አይቻልም። በተጨማሪም የአባትዎ ዓይነት፣ ከውስጠኛው ሽፋን ያለፈ እጢ፣ በመጀመሪያው ጊዜ በጥሩ ባለሙያ ተነሥቶም ቅሪት ብዙ ጊዜ ስለሚገኝበት፣ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ድጋሚ መግባት የተለመደ አሠራር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው ለመበላሸቱ ማስረጃ አይሆንም። የአክስትዎን ስጋት በአክብሮት ያድምጡ፤ ነገር ግን ካንሰሩን የሚያስፋፋው መነካቱ ሳይሆን ሳይታከም መቆየቱ መሆኑን ይንገሯቸው።

መልስ፦ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ (ጥቁር አንበሳ አካባቢ)
አንድ ነገር ልጨምር። ወደ እኛ የሚመጣው ናሙና በፎርማሊን ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቁርጥራጭ ሥጋ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ስለሚቆረጥ ጠርዙ ይቃጠላል፤ የተቃጠለውን ክፍል በማይክሮስኮፕ ማንበብ ያስቸግራል። በሁለተኛው ጊዜ ከእጢው ሥር የሚወሰደው ጥልቅ ክፍል በተለየ ጠርሙስ፣ ስምና ቦታው ተጽፎበት ቢላክ ሥራችንን በእጅጉ ያቀልልናል፤ ይህንን ሐኪማችሁን በትሕትና መጠየቅ ትችላላችሁ። የመጀመሪያውን ውጤት ዋናውን ወረቀት አትጣሉ፤ ናሙናው የተቀመጠበት የሰም ብሎክና ስላይድም የት እንዳለ እወቁ፤ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ብትባሉ ይጠየቃል።

መልስ፦ ታካሚ (ካሳንቺስ)
ወንድሜ፣ እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ጡንቻው ነጻ ከሆነ ቢሲጂ ሊታዘዝላቸው ይችላል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሚውለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ለፊኛ የሚዘጋጀው ግን መጠኑ እጅግ ከፍ ያለ ነው። በቀጭን ቱቦ ፊኛ ውስጥ ይጨመርና ሁለት ሰዓት ያህል ተይዞ ይሸናል፤ በመጀመሪያው ዙር በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንታት ይሰጣል። ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት ይኖራል፤ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሽንታቸው ደም እያሳየ ሳለ መድኃኒቱ አይሰጥም። ከመጀመራችሁ በፊት ለስድስቱም ሳምንት የሚበቃ መድኃኒት መኖሩን አረጋግጡ፤ በዓለም ገበያም እጥረት የሚያጋጥመው መድኃኒት ነው።

ጠያቂ (ፒያሳ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አክስቴም አሁን ተስማምተዋል። ያልገባኝ አንድ ነገር ቀርቷል፤ መነሻው ሲጋራው ነው ወይስ የአዋሹ ሥራ? እኛ ልጆቹስ እንመርመር?

መልስ፦ የቀዶ ሕክምና ሐኪም (ልደታ)
በአንድ ሰው ላይ መነሻውን ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ከሁሉም የከበደው ግን ሲጋራ ነው። በሳንባ የገባው መርዝ በደም ዞሮ በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ ይገኛል፤ የትሉ እንቁላል በፊኛ ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ለዓመታት ሲያቆስል ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ይህ በሐይቆቻችን ዳርቻ ከሚታወቀው የአንጀት ቢልሃርዝያ የተለየ ነው። ከቢልሃርዝያ ጋር የሚያያዘው ካንሰር ብዙውን ጊዜ ስኩዌመስ የሚባለው ዓይነት ስለሆነና ሕክምናውም ስለሚለይ፣ ወረቀቱ ላይ ስኩዌመስ ወይስ ዩሮቴሊያል (ከፊኛው የውስጥ ሽፋን የሚነሣው የተለመደው ዓይነት) እንደሚል ተመልክተው ሐኪሙን ይጠይቁ። በሽታው አይተላለፍም፤ አብዛኛውን ጊዜም በዘር የሚመጣ አይደለም፤ ስለዚህ ምልክት ለሌላችሁ ልጆች የተለየ ምርመራ አያስፈልግም። የሚያጨስ ካለ ያቁም። ሽንቱ አንድ ቀን እንኳ ቀልቶ ያየ ሰው፣ ደሙ በራሱ ቢቆምም ይመርመር። አባትዎም ፊኛቸው ከተረፈ ከሦስት ወር በኋላ በካሜራ መታየት ይኖርባቸዋል፤ ይህ ካንሰር ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ስላለው ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል።