ሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ መስከረም ላይ 40 አባል፣ ታኅሣሥ ላይ 6

ጠያቂ (የክበብ ተጠሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አስተባብራለሁ። መስከረም ላይ 40 ተማሪ ይመዘገባል፤ ታኅሣሥ ሲገባ የሚመጡት ስድስት ብቻ ናቸው። ቀድመው የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው። ትምህርቱ በፈረቃ ስለሆነ ሁሉንም ባንድ ሰዓት መሰብሰብም አልተቻለም። በምን ይቆዩ?

መልስ (የአማርኛ መምህር)
ብዙውን ጊዜ ልጆቹ የሚቀሩት ሥራ ስለሚያጡ ነው። ማይኩን ሦስት ልጆች ከያዙት ሌላው መጥቶ ምን ያደርጋል? ሁሉንም መሰብሰቡን ይተዉት። በየፈረቃው አምስት ቡድን፣ በየቡድኑ አራት ልጅ ይመድቡ፤ ለአንድ ቡድን በሳምንት አንድ ቀን ይድረሰው። አንድ አንባቢ፣ ሁለት ጸሐፊ፣ አንድ መሣሪያ ላይ። በየወሩ ቦታ ካልተቀያየሩ ግን ማይኩ ድምፀ መልካሙ ልጅ ጋ ይቀራል፤ ሌሎቹም መቅረት ይጀምራሉ።

እረፍቱ 15 ደቂቃ ከሆነ ዝግጅቱ ከ10 አይለፍ። በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ አራት ገጽና አንድ ማስታወቂያ ይበቃል። ጽሑፉን ከአንድ ቀን በፊት አይተው ይፈርሙበት። 12ኛ ክፍሎች ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ለፈተና ስለሚሄዱ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ከጎናቸው 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ይቀመጥ።

መልስ (የሥርዓተ ጾታ ክበብ ተጠሪ)
ሴቶቹ የሚቀሩት ስብሰባው ከትምህርት በኋላ ስለሚሆን ይመስለኛል። ቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻቸውን መሄዱም ያስፈራል። የጠዋቶቹን በእረፍት ሰዓት፣ የከሰዓቶቹን ክፍል ከመግባታቸው 30 ደቂቃ በፊት ያግኟቸው። ለወላጅም ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይላኩ። «ክበብ አለብኝ» የሚል ቃል ብቻውን ብዙ ቤት አይታመንም።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ፣ በቡድን እንሞክረዋለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ አራት ጡሩምባ ድምፅ ማጉያ አለን፣ እያንዳንዱ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መለኪያ) ይላል። አምፕሊፋየሩ አምስት ደቂቃ ሳይሠራ ይግልና ይጠፋል።

መልስ (የፊዚክስ መምህር)
አራቱም ጎን ለጎን (በትይዩ) ተያይዘው ይሆናል። ያ 2 ኦም ይሆናል፤ አብዛኛው አምፕሊፋየር ከ4 በታች አይችልም። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ ያያይዙ፣ ጥንዶቹ 16፣ 16 ይሆናሉ፤ ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች በትይዩ፤ ድምሩ 8 ይመጣል። ገመዱን 8 ኦም የተጻፈበት ቦታ ላይ ይሰኩ። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ፣ ከሶኬትም ተነቅሎ ይሁን። የ+ እና የ− ምልክቱንም ይጠብቁ፤ አንዱ ከተገለበጠ ሁለት ጡሩምባ በሚገናኙበት ቦታ ድምፁ ይሳሳል።

የሚያፏጭ ከሆነ ማይኩ ጡሩምባው ፊት ነው ያለው። አንባቢው ከጡሩምባዎቹ ኋላ ይሁን፣ ማይኩን ከአፉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቅ፤ ድምፁ ካነሰ ማይኩን ያቅርብ እንጂ መጠኑን አይጨምር።