የፕሮጀክቱ ገንዘብ ካበቃ በኋላ የሮቦቲክስ ኅብረታችንን እንዴት እናቆየው?

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ የምንገኝ የቴክኒክ መምህራን፣ የብረታ ብረት ባለሙያዎችና ተማሪዎች በአንድ ፕሮጀክት ድጋፍ ተሰባስበን ለሁለት ዓመት ሮቦቶችን በጋራ ስንሠራ ቆይተናል። ድጋፉ ባለፈው ሰኔ አብቅቷል። ንድፎቻችን በአርዱዊኖ (ሮቦትን በፕሮግራም ለመቆጣጠር በሚያገለግል አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑና የአርዱዊኖ ንድፍ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ እውቀቱ በእጃችን ቀርቷል፤ ሞተርና ባትሪ ግን ከአዲስ አበባ በጥሬ ገንዘብ የሚገዙ ናቸው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ትስስሩ ነው። ቀድሞ ደመወዝ ይከፈለው የነበረው አስተባባሪ ከሄደ ወዲህ ስብሰባ የሚጠራ ሰው የለም፤ በጋራ የምንጠቀምበት የሦስት አውታር ማተሚያም (ስሪዲ ፕሪንተር) በአንዱ ተቋም መጋዘን ተቆልፎበታል፤ ምክንያቱም በርክክቡ ጊዜ የማን ንብረት እንደሚሆን በጽሑፍ አልሰፈረም። ይህን አስቀድመን በጽሑፍ አለማስፈራችን ትልቁ ስህተታችን ይመስለኛል።

ወርኃዊ መዋጮ በእቁብ መልክ ለመጀመር፣ ቅዳሜ ቅዳሜም እንደ ደቦ ተራ በተራ በየከተማው ለመሥራት ተስማምተናል። ለወፍጮ ቤቶችና ለአነስተኛ ፋብሪካዎች የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ እየጠገንን ገቢ ማግኘትም እንችላለን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አገር በቀል ድርጅቶች ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ለእኛ የሚሻለው በማኅበር፣ በኅብረት ሥራ ወይስ በንግድ ድርጅት መደራጀት እንደሆነ መለየት አቅቶናል።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ የጋራ መሣሪያ ውል እንዴት እንዳዘጋጃችሁና ያለ ደመወዝ የሚያስተባብር ሰው ሳይሰለች እንዲቆይ ምን እንዳደረጋችሁ እንድትነግሩን በአክብሮት እለምናለሁ።